«ልጆቹን ሌብነት ላስተምራቸው እንዴ?»

ሰሞኑን ፍቅር ፍቅር ስንል ሰንብተን የለ? ዛሬ ፍቅረኛም የለ፣ ቅናትም የለ። ያለው ሎሽን፣ የዱቄት ወተትና የአንዲት ልጅ ደሞዝ ነው። ግድ የላችሁም አንብቡት። ከእናንተ መሃል ሱቅ ቆሞ የማያውቅ፣ ወይም ነገ የማይቆም ስንቱ ነው?

ደብዳቤውን የጻፉልን እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሽያጭ ሥራ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «ተማሪዎቼ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለልምምድ ወደ ሱፐርማርኬትና ወደ ቡቲክ ይበተናሉ። ስለ ደንበኛ አቀባበል አስተምሬያቸዋለሁ። ሂሳብ አያያዝም ነካ ነካ አድርገናል። ስለ ስርቆት ግን በመጽሐፋችን ያለችው ግማሽ ገጽ ናት። እሷን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳቸው ስነሳ አንድ ባልደረባዬ ‹ልጆቹን ሌብነት ልታስተምራቸው ነው እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።»

ለምን መሳቅ እንዳልቻሉ ቀጥለው ጽፈዋል። ባለፈው ዓመት ካስመረቋቸው አንዷ፣ ልምምድ በወጣችበት ሚኒማርኬት ተቀጠረች። በሁለተኛው ወሯ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ይገባሉ። አንደኛዋ ከላይኛው መደርደሪያ የዱቄት ወተት እንድታወርድላት ትጠይቃታለች። ልጅቷ መሰላል ላይ ትወጣለች። «እሱን አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን...» «አይ፣ ትልቁን ቆርቆሮ...» ስትወርድ ሰዎቹ «ቆይ እንመለሳለን» ብለው ውልቅ! ወር ሲያልቅ ቆጠራ ሆነ። አሥራ አንድ ሎሽንና ስድስት ሽቶ የለም። ባለሱቁ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ደሞዟን ቆርጦ ቆርጦ ለታክሲ እንኳ የማይበቃ ካስረከባት በኋላ «ወይ አንቺ ወስደሻል፣ ወይ ከወሰዱት ጋር ተነጋግረሻል፣ ወይ ተኝተሻል» አላት። በማግስቱ አልተመለሰችም። አሁን ቤት ተቀምጣለች፤ ሱቅ የሚባል ነገር አልሠራም ብላ ምላለች።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። አሥራ አንድ ሎሽንና ስድስት ሽቶ፣ በአንድ ከሰዓት፣ በሦስት ሰው? ይቻል ይሆናል። ግን ዕቃው ከአከፋፋዩ ሲመጣ ማን ቆጠረው? ልጅቷ ሥራ ስትጀምር መደርደሪያው ላይ ስንት ነበር? ከሷ በፊት የነበረችው ልጅ ስትወጣ ርክክብ ተደርጓል? እኔ እንደጠረጠርኩት ለአንዱም መልስ የለም። መልስ ከሌለ ደግሞ ሰውየው የጎደለውን ዕቃ ሳይሆን የሚያየውን ሰው ነው የከሰሰው።

መምህር፣ ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ሌባ ትምህርቱን ከእርስዎ አይጠብቅም። ልጆቹም ቢሆኑ ከእርስዎ ይበልጥ ሰፈር ያስተምራቸዋል። የማያውቁት፣ ነገርዬው ከባንኮኒ ወዲህ ሆኖ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ነው። የልጅቷን መሰላል ያስቡ። ወተት ማውረድ ጨዋ አገልግሎት ነው፤ ደንበኛ አያያዝ ብለው ያስተማሯት እሱኑ ነው። ግን ሱቁን ለብቻው ለያዘ ሰው፣ ሦስት ሰው ቆሞ እያለ ጀርባን ሰጥቶ መሰላል መውጣት አይሆንም። «አንድ ጊዜ፣ ባልደረባዬን ልጥራ» ወይም «እነዚህን ደንበኞች ላስተናግድና አወርድልዎታለሁ» ማለት ይቻላል። ይህቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም።

ስልቶቹ ደግሞ ብዙ አይደሉም። አንዱ ወሬ ይይዛል፣ ሌላው እጁን ይሰዳል። ቡቲክ ውስጥ ሦስት ሱሪ ይዞ መሞከሪያ ክፍል ይገባና ሁለት ይዞ ይወጣል፤ ሦስተኛው ከራሱ ሱሪ ሥር ነው። የርካሹን የዋጋ ወረቀት ልጦ ውዱ ላይ ይለጥፋል። መድኃኒታቸውም ያን ያህል አይከብድም። ወደ መሞከሪያ ክፍል የገባውን ቆጥሮ፣ ጮክ ብሎ «ሦስት ነው አይደል?» ብሎ መስጠት፤ ሲወጣ ሦስት መቀበል። በቃ።

ዘንድሮ ግን ከመደርደሪያ ይልቅ ባንኮኒው ላይ የሚጠፋው ብሷል። «በቴሌብር ልኬልሻለሁ፣ ይኸው እይው» ብሎ ስልኩን ፊትሽ ይደቅናል። ስሙም ትክክል፣ ብሩም ትክክል። ስክሪንሾት ግን የትናንትናም ሊሆን ይችላል፣ የተሠራም ሊሆን ይችላል። የሰው ስልክ ማስረጃ አይደለም። ገንዘቡ በሱቁ ስልክ ወይም በሱቁ ሂሳብ መግባቱ ሳይታይ ዕቃ ከባንኮኒ አይነሳም፤ ደንበኛው ቢቸኩልም፣ ታክሲ ቆሞ ቢጠብቀውም። እውነተኛ ከፋይ አንድ ደቂቃ ቢጠብቅ አይሞትም።

የዝርዝር ጨዋታ ደግሞ አለ። የሁለት መቶ ብር ኖት በመስከረም 2013 ከወጣ ወዲህ ይኼ ጨዋታ ደርቷል። መቶ ብር ሰጥቶ፣ መልስ ከተቆጠረለት በኋላ «ሁለት መቶ እኮ ነው የሰጠሁሽ!» ይላል። ወረፋው ረዝሟል፣ ከኋላ ያለው ያጉረመርማል፣ ልጅቷ ትደናገጣለች። ሱቅ ቆሜ በሠራሁበት ጊዜ አንዲት ጠና ያሉ ካሸር ያሳዩኝ ዘዴ ከሁሉ ይቀላል። ብሩን ስትቀበል «መቶ ብር» ብለህ ስሙን ትጠራለህ፤ መልሱን ቆጥረህ እስክትሰጥ መሳቢያ ውስጥ አትከተውም፤ ከላይ፣ ደንበኛው እያየው ትተወዋለህ። ክርክር ቢነሳ ምስክሩ ብሩ ራሱ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ጥበቃውንም ሻጯንም እዩአቸው፤ ዓይናቸው ማን ላይ ነው? አንድ ሊስትሮ ከላቡ ባገኘው ሳንቲም ሳሙና ሊገዛ ሲገባ ከበር እስከ ባንኮኒ ይከተሉታል። ቦርሳህን በር ላይ አስቀምጥና ቁጥር ውሰድ የሚባለው እሱ ነው። ሱፍ የለበሰው፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባው ሰውዬ ግን «ኧረ ይግቡ ጌታዬ» ተብሎ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ይዞራል። እናንተ ሌባ ብትሆኑ እንደ ማን ትለብሳላችሁ? ስለዚህ መምህር፣ ለልጆቹ «ሌባ ይህን ይመስላል» ብለው የሰው ዓይነት አይዘርዝሩላቸው። የቦርሳ ሕግ ካለ ለሁሉም ነው፤ ካልሆነ ለማንም። ልጆቹ ዕቃውን ይዩ። እጅ ወዴት እንደሄደ፣ ከመደርደሪያው የቱ ረድፍ እንደጎደለ። ፊትና ልብስ ማንበብ ይቅርባቸው።

ዕቃ ማየት ደግሞ ይለመዳል። አንድ ልምምድ ልጠቁምዎት፣ ወጪ የለውም። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ዕቃ ይበትኑ፦ ሳሙና፣ ባትሪ፣ እስክሪብቶ፣ ቻርጀር፣ ያገኙትን ሁሉ። አንድ ነገረኛ ተማሪ ደንበኛ ይሁንና ዋጋ ይከራከር፣ ያስቁ፣ ያናድ። በዚያ መሃል እርስዎ ሁለት ዕቃ ያንሱ። ከዚያ የቱ እንደጎደለ ይጠይቁ። ክፍሉ በሙሉ የነገረኛውን ፊት ሲያይ ነበርና ማንም አይነግርዎትም። አሁን ዕቃዎቹን አምስት አምስት አድርገው በረድፍ፣ ፊታቸውን ወደ ውጪ አዙረው ይደርድሩና ይድገሙት። ክፍተቱ ከሩቅ ይታያል። ሱፐርማርኬት ዕቃውን አሰልፎ የሚደረድረው ለውበት ብቻ የሚመስላቸው ልጆች ያኔ ይገባቸዋል። ትንንሹና ውዱ ዕቃ፣ ምላጩ፣ ሽቶው፣ ቻርጀሩ፣ ባንኮኒው አጠገብ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን ነፃ ነው፦ ሰላምታ። ሰው ሲገባ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን አይቶ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልርዳዎት?» ማለት። ደንበኛ መታየት ይወዳል፣ ሌባ መታየት ይጠላል። አንዷ ቃል ሁለቱንም ታስተናግዳለች። እኛ ሱቆች ውስጥ ግን ምንድነው የሚታየው? ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቲክቶክ ላይ ናት፤ አውራ ጣቷ ብቻ ነው በሕይወት ያለው። ካሜራውም ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ያያል እንጂ ሰላም አይልም።

ደግሞም ከሱቅ የሚጎድለው ሁሉ በሌባ አይደለም የሚጎድለው። የአሜሪካ የቸርቻሪዎች ብሔራዊ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ በ2022 የሱቆቹ ጉድለት በአማካይ ከሽያጫቸው 1.6 በመቶ ነበር። ከዚያ ጉድለት ውስጥ በውጪ ሰው ስርቆት የጠፋው 36 በመቶ ነው። 29 በመቶው በራሳቸው ሠራተኞች፣ 27 በመቶው ደግሞ በአሠራር ጉድለትና በስህተት ነው፤ የተሳሳተ ቆጠራ፣ የተሳሳተ ዋጋ፣ ሳይቆጠር የገባ ዕቃ። በዚያ ሁሉ ካሜራና ማሽን! ይኸው ፌዴሬሽን ቀደም ሲል «ከጉድለቱ ግማሽ የሚጠጋው በተደራጁ ዘራፊዎች ነው» ብሎ ያወራውን በዚያው በ2023 መጨረሻ ራሱ አንስቶታል። የሌባ ወሬ ከሌባው ይበልጥ ይገዝፋል ማለት ነው። እኛ ዘንድማ ካርቶኑ 24 ይላል፣ ሲከፈት 23 ነው፤ ጊዜው አልፎ የተጣለ ዕቃ አይመዘገብም፤ የባለቤቱ ዘመድ መጥቶ «በኋላ ይታሰባል» ብሎ ወስዶ ይሄዳል። የወሩ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሻጯ ላይ ይወርዳል።

ስለ ሠራተኞች ስርቆት ካነሳን፣ የእርስዎ ተማሪዎች ከማንም የማያውቁት ሌባ ይልቅ የሚፈተኑበት ሌላ ቦታ አለ። ጓደኛ! የክፍል ልጅ ይመጣል። ሁለት ዲዮድራንት ይዞ ባንኮኒ ላይ ያስቀምጥና ይጠቅሳታል፤ አንዱን ብቻ አስቢው ማለቱ ነው። «የአንቺ አይደል፤ ሰውዬው እንደሆነ ሀብታም ነው።» እምቢ ብትል ፋራ ናት፣ ሥራ ያዘችና ዘጋችን ይባላል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ልጅ እንደበላ! ያውም ደግሞ አንድ ቀን አይቆምም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። እዚህ ጋ ስብከት አይሠራም መምህር። ልጆቹ አፋቸው ላይ የምትቀመጥ መልስ ነው የሚፈልጉት፤ እሷን ያለማምዷቸው። «ለዘመድና ለጓደኛ እኔ አልቆርጥም፣ እሷ ጋ ሂድ» የምትል ልጅ አውቃለሁ። ሳቅ ብላ ነው የምትለው፣ ማንም አልተቀየማትም። ጥሩ ሱቅ ራሱ፣ ሠራተኛ ለቤተሰቡና ለጓደኛው ሂሳብ እንዳይሠራ ደንብ ያወጣል። ደንቡ ካለ ይሉኝታው በደንቡ ይሳበባል።

ዩኒፎርም ለብሳችሁ ቸኮሌት በእጅጌ የምትከቱ አራዶች ደግሞ ይህቺን ስሙ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ሁኔታው በቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በተለየ ሥርዓት ነው የሚታየው፤ 15ን ያለፈ ግን ልጅነቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ አያስቀርለትም።

እሺ፣ ሻጯ አየች እንበል። ሰውዬው ሽቶውን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ። ምን ታድርግ? እባካችሁ «ሌባ! ሌባ!» ብላ አትጩህ። እኛ ከተማ ያ ጩኸት ምን እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ምን እንደጠፋ የማያውቅ፣ ማን እንደወሰደ ያላየ ሁሉ ጡጫውን ይዞ ይደርሳል። የሽቶ ዋጋ የሰው ጥርስ፣ የሰው ዓይን አይደለም። መደብደብም በዚያው የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው፤ የተደበደበው ንፁህ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ የሚባለው ይጠፋል። ሩጫውም አያዋጣም። ልጅቷ አንዱን ስታባርር ሁለተኛው ተመልሶ መሳቢያውን ይከፍታል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው። አሜሪካ ስቶር የሚሠሩ ዘመዶች ያሏችሁ ጠይቋቸው፤ በርካታ ትልልቅ ሱቆች ሠራተኛ ሌባ እንዳያሳድድ ነው የሚያዙት።

መጀመሪያ የሚሞከረው ቀላል ነው። ጠጋ ብሎ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ያለ ክስ «ጌታዬ፣ ሽቶውን ልቋጥርልዎት?» ማለት። ዘንግቶ ከሆነ ያፍራል ይከፍላል። ሆን ብሎ ከሆነ «እ... እሱንማ ትቼዋለሁ» ብሎ ያስቀምጣል። ዕቃው ተመለሰ፣ ማንም አልተዋረደም። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ እንደሚባለው፣ «ማንን ነው ሌባ ያልሽው?» ብሎ የሚደነፋ ከሆነ ለጥበቃና ለኃላፊ ማሳወቅ ነው፤ ከዚያ ፖሊስ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ይሰጣል እንጂ ጓዳ ተወስዶ ልብስ አውልቅ አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰው አካሉና ንብረቱ ከመፈተሽ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ይኼ ለደንበኛም ነው፣ ማታ ስትወጣ ቦርሳዋን ከሚበረብሩባት ሻጭም አይቀርም።

የመጨረሻው ትምህርት ደሞዝ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ እንዲሁ ተነስቶ ደሞዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በዚያም ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሲሦ መብለጥ የለበትም። የልጅቷ ደሞዝ እንዴት ለታክሲ የማይበቃ ሆነ? ምናልባት የቅጥር ቀን የፈረመችው ወረቀት ላይ «ለሚጎድል ዕቃ ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ነበረበት። ቢኖርበትም እንኳ ሲሦው ወሰን ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ፣ የፈረሙትንም ቅጂ እንዲቀበሉ ይንገሯቸው።

ከሕጉ በፊት ግን ርክክብ ይቅደም። ሱቅ ስትረከቡ መጀመሪያ ቁጠሩ፤ ያስረከበው ይፈርም፣ እናንተም ፈርሙ። ሁሉን መቁጠር ባይቻል ውድ ውዱን አሥር ዓይነት ጠዋት ቁጠሩ፣ ማታ ቁጠሩ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዕቃ ሲገባ ካርቶኑን ከፍታችሁ፣ አምጪው ሳይሄድ ቁጠሩ፤ የተሰበረውንና ጊዜው ያለፈበትን መዝግቡ። ወር ሲያልቅ «አሥራ አንድ ሎሽን የት ገባ?» ሲባል፣ ሦስቱ በየትኛው ማክሰኞ እንደጎደሉ፣ ስምንቱ ከመጀመሪያውም እንዳልነበሩ የሚናገር ደብተር ይኖራችኋል። ለልምምድ የሚሄዱት ደግሞ ገና ተማሪዎች ናቸው መምህር። ማሠልጠኛው ከሱቁ ጋር ሲፈራረም «ለሚጎድል ዕቃ ተለማማጅ አይጠየቅም፣ ሱቁን ለብቻው አይይዝም» የሚል መስመር ያስገቡ። እሺ የማይል ሱቅ ካለ ተማሪዎን አይላኩለት፤ ነፃ ዘበኛ ነው የፈለገው።

መምህሩ ደብዳቤያቸው ግርጌ ላይ አንዲት ጥያቄ ጣል አድርገዋል፦ «ተማሪዎቼ ባለሱቁ ራሱ ደንበኛውን ሲሰርቅ ቢያዩስ? ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ቀን ፍቆ ሲያስሸጣቸው?» ይህቺ ለብቻዋ ሳምንት ትፈልጋለች። ሱቅ የምትሠሩ፣ እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ደርሷችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልን። ስምም የሱቅ ስምም አያስፈልግም። ሳምንት እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰንብተን!